ጋሽ ኦኬን ማን ሸጠው?

ልጄ ስልኩን በስኳር ዕቃው ላይ ያስደግፍና ላፕቶፑን ከፍቶ ጉሮሮውን ይጠርጋል። «አባባ፣ ይሰማዎታል? ሠላሳ አራተኛው ደቂቃ ነው። ኳሷ በቀኝ በኩል... አባ፣ ‹ዪተር› በአማርኛ ምንድን ነው?» እኔ ከማድ ቤት «የክንፍ ተጫዋች» ስል፣ ደሴ ያሉት አባቴ በስልኩ ውስጥ «የመስመር ተጫዋችም ይባላል፤ ይልቅ ኳሷ የት ደረሰች?» ይላሉ።

ኳስ የለችም። ሜዳም የለም። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው በየጥቂት ደቂቃው ብቅ የሚል በስዊድንኛ የተጻፈ አንድ ሁለት መስመር ብቻ ነው። ልጄ አንብቦ ወደ አማርኛ ይመልሰዋል፤ አባቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ዘጠና ደቂቃ ሙሉ፣ ከእረፍቱ ጋር፣ እንዲሁ ነን። ባለቤቴ ከሌሊት ፈረቃዋ ገብታ ተኝታ ከሆነ ጎል ሲገባ እንኳ በሹክሹክታ ነው የምንጮኸው።

ጨዋታው «ሃትሪክ» ይባላል። ስሙ አንድ ተጫዋች በአንድ ግጥሚያ ሦስት ግብ ሲያስቆጥር ከምንለው የመጣ ነው። ቢዮርን ሆልሜር የተባለ ስዊድናዊ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1997 በኢንተርኔት የጀመረው የእግር ኳስ አሠልጣኝነት ጨዋታ ሲሆን፣ በ2000ዎቹ መጨረሻ ላይ የተጫዋቾቹ ቁጥር ወደ አንድ ሚሊዮን ተጠግቶ ነበር። አሁን ቁጥሩ እጅግ ቀንሷል፤ የቀሩት ግን የሙጥኝ ያሉ ናቸው። ስዊድን በእንዲህ ዓይነት ነገር የሚያስገርም አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 መንግሥት ሠራተኞች በአሠሪያቸው በኩል በግብር ቅናሽ ኮምፒውተር ወደ ቤታቸው እንዲያስገቡ የሚፈቅድ ሕግ አወጣ፤ በርካታ የሙያ ባልደረቦቼ የመጀመሪያ ኮምፒውተራቸውን ያዩት በዚያ ምክንያት እንደሆነ ይናገራሉ። ልጆች ሁሉ የሚያውቁት ማይንክራፍትም በ2009 የወጣው ከዚሁ ከስቶክሆልም ነው።

እኔ ሃትሪክን ያወቅኩት ለማስተርስ ትምህርት ወደ ኬቲኤች ዩኒቨርሲቲ ስመጣ ነው። የምኖረው ሺስታ ነበር፤ ክረምት፣ ጨለማ፣ ብቸኝነት። በታኅሣሥ እዚህ ፀሐይ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ፣ በፈረንጁ ሦስት ሰዓት ሳይሆን ማለት ነው፣ ትጠልቃለች። አንድ የክፍል ጓደኛዬ ቡድን እንድመሠርት ገፋፋኝ፤ ሁለት ዓመት ተጫውቼ፣ ሥራ ስይዝና ትዳር ስመሠርት ተውኩት።

እንደገና የጀመርኩት እናቴ ካረፈች በኋላ ነው። አባቴ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። እናቴ ስትሞት ቤቱ ጭር አለ፤ ግላኮማው ደግሞ ዓይናቸውን ከዳር ወደ መሐል እያጠበበው መጣ። ጠብታው የቀረውን ያቆይ እንደሆነ ነው እንጂ የሄደውን አይመልስም። ጋዜጣ ማንበብ ቀረ። በየሳምንቱ እንደውላለን፤ ልጄ ስልኩን ይቀበልና «አባባ፣ ደህና ነህ?» ይላል፤ እሳቸውም «ደህና ነኝ፣ በርታ፣ ትምህርትህን ጠበቅ አድርግ» ይላሉ። ከዚያ ዝምታ። አንዱ ሌላ የሚለው አጥቶ፣ ሌላው የሚልበት ቃል አጥቶ።

«ደህና ነህ» ማለቱን ልብ ብላችሁ እንደሆነ፣ ጥፋቱ የልጁ ብቻ አይደለም። ስዊድኖች በ1960ዎቹ መጨረሻ አንቱታን ከዕለት ንግግራቸው አውጥተው ጥለዋል፤ ተማሪው ርዕሰ መምህሩን፣ ሠራተኛው አለቃውን «አንተ» ይለዋል። እዚህ ተወልዶ ያደገ ልጅ «እርስዎ»ን የት ያገኘዋል?

አንድ ቀን የድሮ ቡድኔን ስም ለልጄ ሳጫውተው ሰማኝና እንመሥርት አለ። ቡድኑ የተመዘገበው በእኔ ስም ነው። ወላጆች የሚጠይቁት ጥያቄ ይኖራልና አስቀድሜ ልመልስ፦ ጨዋታው በነፃ ነው። ገንዘብ ከፍሎ ደጋፊ አባል መሆን ይቻላል፤ የሚገኘው ግን ጌጣጌጥና ተጨማሪ መረጃ እንጂ ግብ አይደለም። በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ገብቶ ለመውጣት አንድ ሰዓት አይፈጅም። «አባ፣ ካርድህን ስጠኝ» ከሚያሰኙት ጨዋታዎች ጋር ሳወዳድረው እፎይ እላለሁ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። በአንድ ምድብ ስምንት ቡድኖች አሉ። የውድድር ዘመኑ 16 ሳምንት ሲሆን፣ 14 የሊግ ጨዋታዎች በሳምንቱ መጨረሻ ይካሄዳሉ። በሳምንቱ አጋማሽ ደግሞ የዋንጫ ጨዋታ ይኖራል፤ ከዋንጫው ከወደቅክ የወዳጅነት ጨዋታ ራስህ ታመቻቻለህ። በዚህ ዓለም ተጫዋች በ112 ቀን አንድ ዓመት ያረጃል። የ17 ዓመት ልጅ ብላችሁ የተቀበላችሁት በሚቀጥለው ዓመት በዚህ ጊዜ 20 ሞልቶታል።

የማሸነፊያው ሥር ልምምድ ነው። ቡድኑ በአንድ ሳምንት የሚለማመደው አንድ ችሎታ ብቻ ነው፦ ወይ ግብ ጠባቂነት፣ ወይ መከላከል፣ ወይ ጨዋታ ማደራጀት፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። ልምምዱ በዋናነት የሚጠቅመው ደግሞ በዚያ ሳምንት በተገቢው ቦታ የተሰለፈውን ነው። ጨዋታ ማደራጀትን ከመረጣችሁ ሙሉውን ጥቅም የሚያገኙት የመሐል አማካዮች ናቸው፤ የመስመር ተጫዋቾች ግማሹን ያገኛሉ፤ ተቀምጦ ያየ ምንም። በአንድ ጨዋታ ቢበዛ ሦስት የመሐል አማካዮች ይሰለፋሉ። የሊጉና የወዳጅነቱ ሲደመር ስድስት ቦታ ይሆናል ማለት ነው። አንድ ልጅ በሁለቱም ጨዋታ ቢሰለፍ እጥፍ አይማርም፤ የሚቆጠርለት 90 ደቂቃ ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለት ጊዜ ማሰለፍ የሌላውን ልጅ ቦታ መብላት ነው።

ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። የሊጉ ጨዋታ ነጥብ አለው። የ18 ዓመት ልጅ በሊጉ መሐል ሜዳ ላይ ካሰለፋችሁ እሱ ይማራል፣ እናንተ ትሸነፋላችሁ። ሰባተኛና ስምንተኛ የወጣ በቀጥታ ይወርዳል፤ አምስተኛና ስድስተኛ በማጣሪያ ይፈተናል። የወዳጅነቱ ጨዋታ ላይ ብቻ ልጆችን ካሰለፋችሁ ደግሞ ትምህርት የሚያገኙት ሦስት ብቻ ናቸው። እኛ የደረስንበት ዘዴ ይህ ነው፦ ደርሰው የሚጠቅሙት፣ 20 እና 21 ዓመት የሞላቸው ሦስቱ በሊጉ ይሰለፋሉ፤ ሦስቱ ትንንሾች በወዳጅነቱ። የእድሜው ጉዳይ ቀላል አይደለም፤ የ17 ዓመቱ በጥቂት ሳምንት አንድ ደረጃ ሲወጣ 25 የሞላው የበለጠ ጊዜ ይፈጅበታል። በሊጉ ላይ ጎዶሎውን የሚሸፍኑት ያረጁ ተከላካዮችና ግብ ጠባቂው ናቸው።

ለሶፍትዌር ሰው ይህ የታወቀ ጥያቄ ነው። ጥቂት ቦታ፣ ብዙ ፈላጊ፣ ቀነ ገደብ። በሥራ ቦታዬ ሰርቨሮች ላይ የምናደርገውን ነው። እኔም አንድ ምሽት ቁጭ ብዬ ማን በየትኛው ሳምንት የት እንደሚሰለፍ የሚያወጣ ትንሽ ፕሮግራም ጻፍኩ። ኩራት ተሰማኝ። ልጄ ወረቀቱን ዓይቶ «ስማቸው የለም፣ ቁጥር ብቻ ነው» አለኝ።

አንድ አሜሪካዊ የሥራ ባልደረባዬ የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ እንዲሁ በኢንተርኔት ይጫወታል። የእነሱ ከእኛ ይከብዳል ባይ ነው። ተማሪው ከአራት ዓመት በላይ አይቆይም፤ ያሠለጠንከው ሁሉ ተመርቆ ይሄዳል። ጨዋታው 40 ደቂቃ ነው፤ አምስት ተጫዋች በሜዳ ስላለ አሠልጣኙ የሚያከፋፍለው 200 ደቂቃ ብቻ ሲሆን፣ አምስት ጥፋት የሠራ ደግሞ ይወጣል። ከሊጉ በፊት ከማን ጋር እንደሚጋጠም የሚመርጠውም አሠልጣኙ ራሱ ነው። ደካማ ቢመርጥ ድል ይሰበስባል፣ ግን ድሉ ክብደት የለውም፤ ጠንካራ ቢመርጥ ይከበራል፣ ግን ይሰበራል። ይህን ለአባቴ ሳወራላቸው «ይኼማ መምህርነት ነው፤ በየዓመቱ አስተምረህ በየዓመቱ መሸኘት» አሉ።

አባቴን ወደ ቡድኑ ያስገባቸው ልጄ ነው። በሃትሪክ የተጫዋች ችሎታ የሚገለጸው በቃል ነው፤ ከታች «የለም» ከሚለው ተነሥቶ እስከ «መለኮታዊ» ድረስ ሃያ ገደማ ደረጃ አለ። ልጄ ቃላቱን በአማርኛ ሊጽፋቸው ፈለገና ለአያቱ ደወለ። አርባ ደቂቃ አወሩ። ከዚያ በፊት ከአራት ደቂቃ በላይ አውርተው አያውቁም ነበር። አባቴ «ይበቃል» የሚለውን «አይከፋም» በለው አሉ፤ «መለኮታዊ» የሚለውን ደግሞ ጨርሶ አልተቀበሉትም። «ኳስ ተጫዋች መለኮታዊ አይባልም። ወደር የለሽ በለው፣ ይበቃዋል።» ዝርዝሩ አሁንም ፍሪጃችን ላይ ተለጥፏል።

ከዚያ ወዲህ አባቴ ስለ ተጫዋቾቹ መጠየቅ ጀመሩ። በ1954 ዓ.ም. ጥር ወር፣ ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበሩ። ሬዲዮ ካለው ጎረቤት በር ላይ ቆመው ነው የሰሙት። የይድነቃቸው ተሰማን ቡድን፣ ሉቻኖንና ወንድሙን ኢታሎን፣ መንግሥቱ ወርቁን ለልጄ ነግረውታል። በሬዲዮ የተሰማ ጨዋታ በዓይን ከታየው ይበልጣል የሚል እምነትም አላቸው። ለዚህ ይሆናል የልጄ ትረካ የጣማቸው።

ከሁሉ በላይ የወደዱት ግብ ጠባቂያችንን ነው። ኦኬ ይባላል፤ 35 ዓመቱ ነው። አባቴ «ጋሽ ኦኬ» አሉት፤ በዚያው ጸደቀ።

የሰዓት ነገር አንድ ጊዜ ጉድ ሠርቶናል። ለወዳጅነት ጨዋታ ሁለት ቡድኖች ጥያቄ ልከውልን ነበር፤ አንዱ ከፊንላንድ፣ ሌላው ከቱርክ። ልጄ አያቱን ሳያማክር አይወስንም። አባቴ ደግሞ «ነገ በሦስት ሰዓት ደውልልኝ፣ አስቤ እነግርሃለሁ» አሉት። ልጄ ከትምህርት ቤት እየሮጠ መጥቶ በስዊድን ሦስት ሰዓት፣ ማለትም በደሴ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደወለ። አባቴ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምረው ስልኩን ጭናቸው ላይ አድርገው ጠብቀው፣ ተስፋ ቆርጠው ለቅሶ ቤት ሄደዋል። በዚያ ላይ በክረምት በመካከላችን ሁለት ሰዓት አለ። ሁለቱም ቡድኖች ሌላ ተጋጣሚ አገኙ፤ የእኛ ሦስት ልጆች ያን ሳምንት ያለ ልምምድ ቀሩ። ልጄ ግን የሐበሻን ሰዓት በአንድ ምሽት ተማረ። እኔ ለስድስት ዓመት ላስተምረው ሞክሬ ያልቻልኩትን።

ቀጥሎ የምናገረው የማያኮራኝን ነው። የውድድር ዘመኑ ሲያልቅ ሒሳቡን ሠራሁ። ተጫዋች ሲያረጅ ችሎታው ይወርዳል፤ የልደቱ ቀን ባለፈ ቁጥር ደግሞ ገበያው ላይ ዋጋው ይቀንሳል። ጋሽ ኦኬ 36 ሊሞላው አምስት ቀን ቀርቶታል። ፕሮግራሜ አሁን ሽጠው አለኝ። እኩለ ሌሊት ነበር፤ በሥራ ምክንያት ተረኛ ስለነበርኩ አልተኛሁም፤ ልጁ ተኝቷል፤ አባቴም እንዲሁ። ለሽያጭ አወጣሁት። በሃትሪክ ጨረታው ሦስት ቀን ይቆያል፤ አንዴ ከወጣ መመለስ የለም።

ልጄ በማግሥቱ አየው። አልጮኸም። «ለአባባ ማን ይነግረዋል?» ብቻ አለ፤ አንቱታውም ጠፋበት። ሦስቱን ቀን ጨረታውን እያየ ከረመ። አንድ የጣልያን ቡድን ገዛው።

ሁለት ቅዳሜና እሑድ ስልክ አልተደወለም። ልጄ ላፕቶፑን አልከፈተም። እኔም ሥራ በዝቶብኛል እያልኩ ራሴን ሸነገልኩ። በሦስተኛው ሳምንት አባቴ ራሳቸው ደወሉ፤ ቁጥሩን የወንድሜ ልጅ አውጥታላቸው ነው። «ልጁ ታሟል?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው «ለጣልያን?» አሉ። ሳቅ የመጣ መስሎኝ ነበር፤ አልሳቁም። «እኔ እንኳ ሽማግሌ መሸጡ አልገረመኝም። ያረጀ ይሸጣል። ልጁ ሳይጠየቅ ማደሩ ነው የከፋው። ባለፈው ሰዓት ሲሳሳት እንኳ እኔን ሳይጠይቅ አልወሰነም እኮ።»

ይህን ሲሉኝ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ቆሜ ነበር፤ አውቶቡሱ መጥቶ ሄደ።

ልጄን ይቅርታ ጠየቅሁት። በእኛ ቤት ወግ አባት ልጁን ይቅርታ ሲጠይቅ አላየሁም፤ ቃሉ ራሱ አፌ ውስጥ አልገባ ብሎ አስቸግሮኛል። ልጄ «እሺ» አለና ሕግ እንጻፍ አለ። ሕጉ ከቃላቱ ዝርዝር ሥር ተለጠፈ። የልምምዱ መርሐ ግብር የእኔ ነው፤ አሰላለፉ የልጄ ነው፤ ከሦስታችን አንዱ እንቢ ካለ ማንም አይሸጥም። ለአባቴ የተሰጠው ሥልጣን ደግሞ ከሁሉ የሚከብደው ነው ብዬ አምናለሁ፤ የቡድኑ መንፈስ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከእያንዳንዱ የሊግ ጨዋታ በፊት ለተጫዋቾቹ ከሦስት ትእዛዝ አንዱን መስጠት ይቻላል። በተለመደው ተጫወቱ፤ ወይም ዘና ብላችሁ ተጫወቱ፤ ወይም ይህ የዓመቱ ግጥሚያ ነው፣ ሁሉን አውጡ። ዘና ካሉ በዕለቱ ይደክማሉ፤ የቡድኑ መንፈስ ግን ለሚቀጥለው ያድጋል። ሁሉን ካወጡ በዕለቱ መሐል ሜዳውን ይቆጣጠራሉ፤ መንፈሱ ግን ወዲያው ያሽቆለቁላል፣ ተመልሶ እስኪነሳ ሳምንታት ይወስዳል። መሐል ሜዳውን የያዘ የግብ ዕድሉን ይይዛልና ቀልድ አይደለም።

የጨዋታው መርሐ ግብር ሌላ ጠባይ አለው። ሁለተኛው ዙር የመጀመሪያው ግልባጭ ነው፤ በመጨረሻ የምትገጥመው መጀመሪያ የገጠምከውን ነው። ስለዚህ ሰባተኛውና ስምንተኛው ጨዋታ ከአንድ ቡድን ጋር በተከታታይ ይውላል። ባለፈው ዘመን በዚያ ቦታ የወደቀብን የምድቡ መሪ ነበር፤ ሰባተኛው በሜዳቸው፣ ስምንተኛው በሜዳችን። እኔ በሁለቱም በተለመደው እንጫወት አልኩ፤ ሁለት አቻ ብናገኝ አይከፋም ብዬ። ልጄ በሁለቱም ሁሉን እናውጣ አለ። አባቴ አንድ ቀን አሰቡበት።

«ሁለት ሳምንት በተከታታይ የሚደግስ ቤት ይራቆታል» አሉ። «እነሱ ቤት ዘና በሉ። የራሳችሁ ቤት ሲመጡ ሁሉን አውጡ።»

በሰባተኛው 5 ለ 0 ተሸነፍን። ልጄ አምስቱንም ግብ ለአያቱ አንድ በአንድ ተረጎመ፤ ድምፁ እየቀጠነ ሄዶ ነበር። ደጋፊዎቻችንም ተቆጡ። በስምንተኛው ከጋሽ ኦኬ ይልቅ የ18 ዓመት ልጅ በረኛችን ሆኖ 2 ለ 1 አሸነፍን። ሁለተኛዋ ግብ በ81ኛው ደቂቃ ስትገባ ባለቤቴ ከመኝታ ቤት ተነሥታ መጣች። በዘጠነኛው ሳምንት መንፈሱ ወድቆ ስለነበር በምድቡ መጨረሻ ባለው ቡድን ተረታን። አባቴ እንዲህ እንደሚሆን አውቀው ነበር መሰለኝ፣ አልተናደዱም። በመጨረሻ አራተኛ ወጣን፤ ከማጣሪያው በአንድ ነጥብ ብቻ ተርፈን።

አሁን አዲስ ዘመን ጀምሯል። አባቴ የግራ ዓይናቸው ጨርሶ ጨልሟል፤ በቀኙ ጥላ ያያሉ። ጠብታውን በሰዓቱ እንዲወስዱ ልጄ በጠዋቱ አንድ ሰዓት፣ በሐበሻው ማለቴ ነው፣ ያስታውሳቸዋል። ጋሽ ኦኬ በጣልያን ሦስተኛ ተጠባባቂ ሆኗል፤ ገጹን አሁንም መክፈት ይቻላልና ልጄ በየሳምንቱ ያየዋል። ባለፈው እሑድ ከጨዋታው በፊት አሰላለፉን ሲያነብ ሰማሁት።

«በረኛው ያው ልጁ ነው፣ አባባ። አንድ ደረጃ ጨምሯል። አሁን ‹ጎበዝ› ሆኗል።»

«ስሙን ማን ብላችሁታል?»

«እርስዎ ያውጡለት ብለን ጠበቅን።»

ስልኩ ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ምንም አልተሰማም፤ ከጀርባ የደሴ ውሻ ይጮኻል። «እስቲ መጀመሪያ ሲጫወት ልስማው» አሉ አባቴ። ልጄ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳበ። አንደኛው ደቂቃ ጀመረ።